የሃምሳው ሎሚ ሚዛን
ስለ ቡድኖች የደረጃ ቁጥር ተአማኒነት አጭር የታሪክ ቅኝት

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አበው። ተረቱ የኅብረትን ውበት ነግሮን ያበቃል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይመልስ ያልፋል፤ ሃምሳው ሰው ሃምሳውን ሎሚ ገበያ ካደረሰ በኋላ ከመካከላቸው ማን ከባዱን እንደ ተሸከመ፣ ማንስ በሰው ትከሻ እንደ ተጓዘ በምን ይታወቃል? አበው ይህን ሳይጠይቁ የቀሩት ጠፍቷቸው አይመስለኝም። በኅብረት ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ቆጠራ ማንሣት ነውር ነበርና ነው። የእኛ ዘመን ግን ነውርነቱን ወደ ጎን ትቶ ጠይቋል፤ መልሱንም በአኃዝ ጽፎ በየአደባባዩ ለጥፏል። የእግር ኳስ ቡድን ደረጃ አለው፤ የቼዝ ተጫዋች ነጥብ አለው፤ የትምህርት ቤት ልጆች የሠሯቸው ሮቦቶች እንኳ ሳይቀሩ እስከ አስርዮሽ ቤት የተሰላ የብቃት ቁጥር ይወጣላቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቀኑን ከቁጥር ጋር ውሎ ምሽቱን ከግጥም ጋር የሚያመሽ ሰው ነውና ቁጥርን አይጠላም። የሚያሳስበው፣ ቁጥር ከየት እንደ መጣ ሳይጠየቅ እንደ ፍርድ ሲነበብ ነው። እስቲ የነገሩን ታሪክ ከሩቁ ጀምረን ወደ ቀያችን እንምጣ።

*

እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካዊው የፈጠራ ባለሙያ ዲን ካመን ወጣቶችን ወደ ሳይንስና ምሕንድስና ለመሳብ «ፈርስት» የተባለ ድርጅት መሠረተ። የመጀመሪያው የሮቦት ውድድር በ1992 ተካሄደ። ከ2005 ጀምሮ የዚህ ውድድር ዋነኛ መልክ ሦስት ለሦስት ሆነ፤ ሦስት ቡድኖች በቀይ፣ ሦስት ቡድኖች በሰማያዊ ወገን ይሰለፋሉ። የዛሬው አጋር በሚቀጥለው ግጥሚያ ባላጋራ ይሆናል። ነጥቡ የሚመዘገበው ለሦስቱ በአንድነት ነው እንጂ ለእያንዳንዱ ሮቦት አይደለም። በማጣሪያው ከፍ ያለ ደረጃ ያገኙት ቡድኖች ደግሞ ለመጨረሻው ዙር አጋሮቻቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ስለዚህ «ከሦስቱ ማን ምን ሠራ?» የሚለው ጥያቄ የወሬ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የመመረጥና ያለመመረጥ ጉዳይ ይሆናል። ወራት ሙሉ ሲለፉ የከረሙ ልጆች እዚያች ሰዓት ላይ ስማቸው ይጠራል ወይም ሳይጠራ ይቀራል።

ተሳታፊዎቹ ለዚህ ጥያቄ ያገኙት መልስ ቆንጆ ነው። አንባቢ እንዲቀለው በእኛ አገር ነገር ላስረዳ። በራያ ቆላ፣ በቆቦ ሜዳ፣ ማሽላ ደርሶ ሲወቃ ሦስት ጎረቤታሞች ወንፈል ገብተዋል እንበል። አንደኛውና ሁለተኛው አብረው በዋሉበት ቀን 10 ኩንታል ተወቃ። አንደኛውና ሦስተኛው አብረው ሲውሉ 8 ኩንታል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲውሉ ደግሞ 6 ኩንታል ሆነ። ማንም ለብቻው ውሎ አልታየም። ሆኖም ሦስቱን ቀን አጋጥሞ የሚያሰላ ሰው የአንደኛው ድርሻ 6፣ የሁለተኛው 4፣ የሦስተኛው 2 መሆኑን ያወጣዋል። የሮቦቶቹም ቁጥር የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ብዙ የጋራ ውጤት ተሰብስቦ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በስሌት ይፈለቀቃል።

እውነተኛ ሕይወት ግን እንደ ምሳሌዬ አይገጥምም። አንድ ቀን ነፋስ ይጠፋል፤ አንድ ቀን በሬ ይለግማል። ድምሮቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። በዚህ ጊዜ የሚያገለግለው ዘዴ ከሮቦት በፊት 200 ዓመት ያህል የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1801 ፒያትሲ የተባለው ጣሊያናዊ መነኩሴ ሴሬስ የተባለችውን ትንሽ የሰማይ አካል አየ፤ ጥቂት ከተከታተላት በኋላም በፀሐይ ብርሃን ተጋርዳ ጠፋችበት። ወጣቱ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በእጁ በነበሩት ጥቂት ምልከታዎች ተመርኩዞ የምትገኝበትን ስፍራ አሰላ፤ በዓመቱ መጨረሻም እርሱ ባመለከተው አቅራቢያ ተገኘች። እያንዳንዱን ስሕተት በራሱ አባዝቶ የካሬዎቹን ድምር በተቻለ መጠን ትንሽ የማድረጉን ዘዴ ፈረንሳዊው ሌዠንድር በ1805 አሳተመ፤ ጋውስ ደግሞ በ1809 «እኔ ቀድሜ ስጠቀምበት ነበር» እያለ የራሱን አወጣ። እንግዲህ በሰማይ አካላት ምርምር ያገለገለ ስሌት፣ ዛሬ የልጆችን ሮቦት ለመመዘን ዋለ ማለት ነው።

ታዲያ ይታመናል? ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል።

አንደኛው የቁጥሩ ማነስ ነው። 40 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 12 ጊዜ ቢጫወቱ፣ በአንድ ግጥሚያ 6 ቡድን ስለሚሰለፍ 80 ግጥሚያ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ግጥሚያ ሁለት የጋራ ውጤት ስለሚገኝ 160 ድምሮች አሉን፤ የምንፈልጋቸው ድርሻዎች 40 ናቸው። ለአንድ ያልታወቀ ነገር አራት ምስክር መሆኑ ነው። ውድድሩ ገና ሲጀምር፣ እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ጊዜ ብቻ እንደ ተጫወተ ቢሰላ ግን ለ40 ጥያቄ 40 ምስክር ብቻ ይቀርባል። አንዱ ምስክር ቢያብል የሚያርመው የለም። ያን ሰዓት የሚወጣው ቁጥር አስርዮሽ ስለ ተቀጠለለት ብቻ እውነት አይሆንም።

ሁለተኛው የመቀላቀል ጉዳይ ነው። ከሦስቱ ጎረቤታሞች ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው የሚውሉ ቢሆኑ፣ የሁለቱን ድምር እናውቃለን እንጂ የየራሳቸውን ድርሻ በምንም ስሌት አናውቅም። መለያየታቸው ነው የሚያሳውቃቸው።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ነው። በቆቦ ሜዳ ማሽላ ማፍራት ሲጀምር ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ አለ። ያ ልጅ በአዝመራው አንድ ዘለላ አያጭድም። በኩንታል ቢሰላ ድርሻው ባዶ ነው። እርሱ ባይኖር ግን የሚታጨድ አይኖርም ነበር። በሮቦት ሜዳም የባላጋራን መንገድ እየዘጋ የሚውል ተከላካይ አለ። የተቃራኒን ነጥብ ያስቀራል እንጂ የራሱን ወገን ነጥብ አይጨምርም፤ ስሌቱም ደካማ ይለዋል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል። የተጠየቀው «ማን አጨደ?» ነበር፤ «ማን ጠበቀ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ልምድ ያላቸው ቡድኖች ይህን ስለሚያውቁ ስሌቱን በኪሳቸው ይዘው፣ ከተመልካች መቀመጫ ላይ እያንዳንዱን ሮቦት በዓይኑ ተከታትሎ የሚመዘግብ ልጅ ያስቀምጣሉ።

*

ወደ አገራችን ስንመለስ የደረጃ ነገር በይበልጥ የሚታወቀው በእግር ኳስ ነው። የእኛም የኳስ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1957 በካርቱም ሲካሄድ ኢትዮጵያ ሁለተኛ ወጣች። ይህ በመዝገብ የሰፈረ እውነት ነው። ከመዝገቡ ጀርባ ያለው እውነት ግን እንዲህ ነው፤ የምትገጥማት ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ውጭ ስለ ሆነች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1959 በካይሮ በሦስት አገሮች መካከል በተደረገው ውድድር በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፋ ሦስተኛ ሆነች። እንግዲህ አንድ ግጥሚያ ሳታሸንፍ፣ አንድ ግብ ሳታስቆጥር፣ «ከአፍሪካ ሁለተኛ» እና «ከአፍሪካ ሦስተኛ» የሚሉ ሁለት ማዕረጎች ነበሯት።

ከዚያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. መጣ። አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ። በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድናችን ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ፣ በፍጻሜው ሁለት ጊዜ ዋንጫውን የወሰደችውን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። መንግሥቱ ወርቁ የተባለው ስም ከዚያ ቀን ወዲህ ከአገር ትውስታ አልወጣም። ድሉ እውነተኛ ነው፤ ያሸነፍነውም የዘመኑን ኃያል ነው። የስታቲስቲክስ ሰው ግን እዚህ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ አንድ ነገር ይላል፤ ይህ ሁሉ የሆነው በሁለት ግጥሚያ ነው። ሁለት ግጥሚያ ዋንጫ ለመስጠት ይበቃል፤ ቡድንን ለመመዘን ግን አይበቃም። ዋንጫ የዕለቱን ጀግና ያከብራል። ደረጃ ደግሞ የነገውን ሊተነብይ ይሞክራል። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ጊዜ ለኩራትም ለቁዘማም ዳርጎናል።

ለትንበያው የሚያገለግለውን ሚዛን የሠራው በሃንጋሪ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባው አርፓድ ኤሎ ነው። በሚልዋኪ ከተማ በማርኬት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበረ፣ ቼዝ የሚወድ ሰው ነበር። ዘዴውን የአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1960፣ የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 ተቀበሉት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ተጋጣሚዎች በነጥብ ካላቸው ልዩነት ተነሥቶ የሚጠበቀው ውጤት አስቀድሞ ይሰላል። በቼዝ የ200 ነጥብ ብልጫ ያለው ሰው ከመቶ ነጥብ ወደ 76 ያህሉን እንዲያገኝ ይጠበቃል። ከተጠበቀው በላይ ያስመዘገበ ይጨመርለታል፤ በታች ያስመዘገበ ይቀነስበታል። ኃያል ደካማን ሲያሸንፍ የሚያገኘው ኢምንት ነው፤ ደካማ ኃያልን ሲያሸንፍ ብዙ ያፍሳል። ሚዛኑ ከስሕተቱ ይማራል ማለት ነው፤ ለመማር ግን ጊዜ ይሻል።

ፊፋ የወንዶችን የአገሮች ደረጃ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1992 ነው። ስሌቱን በ1999፣ በ2006 እና በ2018 ለውጦታል። በመጨረሻው ለውጥ የተጠጋው ወደ ኤሎ ዘዴ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር ጉድለቱ ግልጽ ነበር። ክብደታቸው አነስተኛ የሆነ የወዳጅነት ግጥሚያዎች አማካዩን ያወርዱ ስለ ነበር፣ ማጣሪያ የማይጫወት አስተናጋጅ አገር እንደ ድንጋይ ይሰጥም ነበር። አምስት ጊዜ የዓለም ዋንጫ የወሰደችው ብራዚል በሰኔ 2013 እ.ኤ.አ. 22ኛ ተባለች፤ በዚያው ወር ግን የኮንፌዴሬሽኖችን ዋንጫ ወሰደች። ሩሲያ በ2018 በገዛ አገሯ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ከተሳታፊዎቹ ሁሉ ዝቅተኛውን 70ኛ ደረጃ ይዛ ገብታ ስፔንን አሰናብታ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ፖላንድ በበኩሏ የወዳጅነት ግጥሚያዎችን አሳንሳ ቁጥሯን ጠበቀች፤ በዚያው የዓለም ዋንጫ ዕጣ ከታላላቆቹ ጋር ተመደበች፤ ከምድቧ ግን የመጨረሻ ሆና ተመለሰች። ሰዎች ሚዛኑን ካወቁት ለሚዛኑ መኖር ይጀምራሉ።

የእኛስ? ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ሱዳን ላይ ያስቆጠሯቸው ሁለት ግቦች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁን። የመልሱን ድምር ላስታውስ፤ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበርና ድምሩ 5 ለ 5 ነው። ያለያየን ከሜዳ ውጭ የተቆጠረ ግብ የሚበልጥበት ደንብ ነው። በኃይል ሚዛን እኩል ነበርን፤ በደንብ ግን አንዱ ሄደ፣ አንዱ ቀረ። በዚያው ዓመት በሰውነት ቢሻው የሚሠለጥነው ቡድን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። በሁለት ቢጫ ካርድ መሰለፍ ያልነበረበት ተጫዋች በመሰለፉ ግን ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 ሽንፈት ብሎ መዘገበው። ሜዳ ላይ የታየው ድል በመዝገብ ሽንፈት ሆነ። ቡድኑ ግን ያው ቡድን ነበር፤ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ እስከ ናይጄሪያው የመጨረሻ ማጣሪያ ዘለቀ።

*

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ተጫወቱት ነው። ካልተጫወቱትስ?

ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ በምትገኘው ወልድያ፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የወልድያ ቡድን በ2007 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊግ አድጎ ወረደ፤ በ2009 ተመልሶ በ2010 ደግሞ ወረደ። በመዝገብ ላይ ይህ ሁለት መስመር ነው። ቡድኑ ፕሪምየር ሊግ በነበረባቸው ዓመታት ከየወረዳው ወደ ስታዲየሙ የጎረፈው ወጣት ግን ከመስመሮቹ ውስጥ የለም።

የ2012 ዓ.ም. የሊግ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ሦስቱ ክለቦች፣ የ2011 ሻምፒዮን መቐለ 70 እንደርታን ጨምሮ፣ ከሊጉ ውጭ ሆኑ። ወደ ፕሪምየር ሊግ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲደርስ ቆቦም ወልድያም የጦር ሜዳ ሆኑ። በኤሎ ሚዛን ያልተጫወተ ቡድን ነጥቡ እንዳለ ይቀመጣል። አይጨምርም፤ አይቀንስም። ከወረቀቱ ብቻ ያነበበ ሰው ምንም ያልሆነ ይመስለዋል። እነዚያ ዓመታት ግን ተጫዋቾችን በትነዋል፤ ልምምድን አቋርጠዋል፤ ከዚያም የከፋ አድርገዋል። ዝም ያለ ቁጥር የሰላም ምልክት ነው ብሎ ማንበብ ከባድ ስሕተት ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር በባንክ መስኮት በየቀኑ ይታየኛል። ዕድሜ ልኩን ቃሉን ጠብቆ የኖረ፣ ከጎረቤቱ የተበደረውን ጤፍ በወቅቱ የሚመልስ የራያ ገበሬ፣ በመዝገብ ላይ የብድር ታሪክ የለውም። ባዶ መስመር ነው። ባዶውን መስመር «ዜሮ» ብሎ ማንበብና «አልታወቀም» ብሎ ማንበብ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በቼዝ ይህን አውቀውት አዲስ ገቢውን «ገና ያልተመዘነ» ይሉታል። ትሑት አባባል ነው።

*

ሚዛንን በትሕትና መያዝ ለቆቦ ምድር እንግዳ ትምህርት አይደለም። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀምጦ አንድ ጥያቄ ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር፤ አንዱ ዘር ከሌላው የበለጠው በራሱ ብርታት ነው ወይስ በወደቀበት መሬት? መልሱን በ1935 ባሳተመው መጽሐፉ አሰፈረ፤ ዘሩን በዕጣ አከፋፍል፣ ደጋግመህ ዝራ፣ ያንንም በየክፍሉ አነጻጽር። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በቆቦ የሙከራ ጣቢያ ማሽላ የሚፈትነው በዚሁ ሥርዓት ነው። አንድ ዝርያ በአንድ ማሳ፣ በአንድ ክረምት በልጦ ስለ ታየ አይሸለምም። በበርካታ ቦታ፣ በተከታታይ ዓመት፣ ዝናብ ሲበዛም ሲያጥርም ይታያል። በቆላው ዝናብ አንድ ዓመት ሰጥቶ አንድ ዓመት ይነሣልና።

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የጎብዬ ከተማና አንድ የማሽላ ዝርያ ስማቸው አንድ ነው። «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉት ዝርያዎች አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ ናቸው። አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠራው ምርምር ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝቷል። ዝርያዎቹ ቶሎ ደራሽ ናቸው፤ በሙከራ ማሳ ላይ ያስመዘገቡትም ይመሰክርላቸዋል። ሆኖም የቆቦ ገበሬ እነ ጅጉርቲንና እነ ደጋሌትን እርግፍ አድርጎ አልተወም። ረጅሙ አገዳ ለከብቱ መኖ፣ ለምድጃው ማገዶ፣ ለቤቱ ማገር ነው። የእንጀራውም ጣዕም አለ። የተመዘነው ፍሬ ነበር፤ ገበሬው ግን የሚኖረው በፍሬውም በአገዳውም ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የጠየቁት ጥያቄ ለየቅል ነው።

እንግዲህ የደረጃ ቁጥር ሲቀርብልን ልንጠይቀው የሚገባን ብዙ አይደለም። ስንት ጊዜ ታየ? ከማን ጋር ተገናኝቶ? የተቆጠረው ምንድን ነው? ሳይቆጠር የቀረውስ? ለእነዚህ መልስ ያለው ቁጥር ጥሩ ምስክር ነው፤ ከአድልዎና ከዝና ወሬ ይሻላል። መልስ የሌለው ቁጥር ግን በሚያምር ልብስ የቀረበ ሐሜት ነው።

ከራያ ቆላ ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ ከተጣለ ሬዲዮ ሽቦ ነቅሎ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚሠራ ልጅ አይጠፋም። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሮቦቱን ይዞ ወደ አንድ አዳራሽ ይገባ ይሆናል። በሰሌዳው ላይ ከቡድኑ ስም ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ይሆናል። ምኞቴ፣ አጋር የሚመርጡት ልጆች ያን ባዶ ቦታ አይተው አንገታቸውን ከማዞራቸው በፊት፣ አንድ ግጥሚያ ተቀምጠው በዓይናቸው እንዲያዩት ነው። ምናልባት ያ ሮቦት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የሚጠብቀው ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።